ሥራችሁ ማን እጅ ላይ ያልቃል? ለጀማሪ ባለሙያዎች ከጅማ የተጻፈ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ወጣት ያጫውተኛል። የጎረቤት ልጅ አለ፣ የእህት ልጅ አለ፣ ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ልጅ አለ። አንዱ ግብርና ጽሕፈት ቤት ገብቷል። አንዷ ጤና ጣቢያ ናት። ሌላው ባንክ ይሠራል፣ ሌላው መርካቶ የአባቱን ሱቅ ተረክቧል። "ሥራ እንዴት ነው?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ቢዚ ነኝ። መተንፈሻ የለኝም።"

"እሺ፣ ከዚያ ሁሉ ምን ውጤት ወጣ?" ስል ወሬው ይቀዘቅዛል። ስለ ስብሰባው ይነግሩኛል። ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ መስክ ጉዞው፣ አለቃቸው ሌሊት በቴሌግራም ስለሚልከው መልእክት ይነግሩኛል። ከዚያ ሁሉ ሩጫ ማን ምን አገኘ የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ዝም ይላሉ።

ሰነፎች ናችሁ ልላችሁ አይደለም። እንደዚያ የሚል ሽማግሌ እኔም አልወድም። እንዲያውም ከኛ ዘመን ሰው የበለጠ ትሮጣላችሁ። ሥራ ለማግኘት ያያችሁትን አውቃለሁ። የያዛችሁትን እንዳታጡ ታታሪ ሆኖ መታየት እንደሚያስፈልግም ይገባኛል። የምላችሁ ሌላ ነው። ሥራ ሁሉ የሚያልቅበት ሰው አለው። ገበሬ ይሆናል፣ ታካሚ ይሆናል፣ ተማሪ ወይም ደንበኛ ይሆናል። ሪፖርት አለቃ ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሥራ ግን እዚያ አያልቅም። ያ ሰው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል። የቱ ጋ መቆም እንዳለበት የሚነግረው የለማ።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቡና ላይ ነው። ስለዚህ ምሳሌዬም ከቡና ነው። ጅማ ተቀምጦ ከሌላ መጀመርም ያሳፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ባለሙያው ሲቢዲ ይለዋል። አምጪው ፈንገስ ነው። የሚያጠቃው ለጋውን፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጠቆር ያለ ጠባሳ ይወጣል። ጠባሳው ይሰፋል፣ ፍሬው ይጠቁራል፣ ከዚያ ይረግፋል ወይም ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ዝናብና ቅዝቃዜ ባለበት ደጋማ ቦታ ይብሳል። ገበሬው ዛፉ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ፣ ዘንድሮስ ደህና ነው ብሎ ተስፋ ካደረገ በኋላ ነው ባዶ እጁን የሚቀረው።

በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ መርጨት ነው። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል በዝናቡ ወራት እየደጋገሙ መርጨት። ይህ መንገድ ብዙ ሰው ያሰማራል፣ ብዙ በርሜል ያስቆጥራል፣ ለሪፖርት ይመቻል። ርጭቱ ከንቱ ነበር አልልም። ለጊዜው ፍሬ ያድናል። ግን ትንሽ የጓሮ ቡና ያለው ገበሬ በየዓመቱ የሚገፋው ነገር አልነበረም። ዋጋው አይቀመስም። ጥቅጥቅ ካለ ጥላ ሥር፣ ዳገት ላይ፣ ውሃ ተሸክሞ ዛፍ በዛፍ መርጨትም ቀልድ አይደለም።

ሌላው መንገድ ቀርፋፋ ነበር። በታመመው ቡና መሃል ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ እዚህም እዚያም ይታይ ነበር። የቡና የትውልድ ቦታው ይኸው የኛ የደቡብ ምዕራብ ደን ስለሆነ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ አይታመምም። የመልኮ ተመራማሪዎች ያንን ጤነኛ ዛፍ ፍለጋ ወጡ። መልኮ የምለው ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለውን፣ ዛሬ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚባለውን ነው። ከጤነኛው ዛፍ ዘር ወሰዱ። ዘሩን አብቅለው፣ ገና ቡቃያ እያለ ሆን ብለው በሽታውን አስያዙት። የሞተው ሞተ። የተረፈውን መስክ ላይ ተክለው ምርቱንም ጥንካሬውንም ተከታተሉ።

74110፣ 74112 የሚሉ ቁጥሮች ሰምታችሁ ይሆናል። 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974 ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ የተገኙት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ተለቀቁ። ዛሬ ውጭ አገር ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ከረጢታቸው ላይ ያትማሉ። ገዢውም ቁጥሩን አይቶ ይገዛል። እኛ ጋ ግን ስንት የግብርና ተመራቂ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል? እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

አሁን ያንን ተመራማሪ አስቡት። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። በመሃል "የሩብ ዓመት አፈጻጸምህን አምጣ" ቢባል ምን ብሎ ይጽፋል? "ዛፍ ስፈልግ ከረምኩ። ዘር ለቀምኩ። ካበቀልኩት ብዙው ሞተ።" በዛሬው ቅጽ ቢሞላ ዝቅተኛ ነው የሚባለው። ስንት ሄክታር እንደተረጨ የሚቆጥረው ባልደረባው ደግሞ ይሸለማል። ገበሬው ጓሮ ደርሶ የቀረው ግን የማን ሥራ ነው? ከ40 ዓመት በላይ አልፎም ያ ዝርያ በየጓሮው ፍሬ ይይዛል። የተረጨው ኬሚካል በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ሄዷል።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ልጆች "ጋሼ፣ እኛ ተመራማሪ አይደለንም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወደ ቀበሌ እንውረድ።

የችግኝ ወቅት ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲረጋ ቁጥር ይጠየቃል። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ? ስንት ችግኝ ተሠራጨ? ስንት ተተከለ? ቁጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣል። ሲወጣ ሲወጣ ይወፍራል። እንዴት እንደሚወፍር እኔ አልነግራችሁም። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ወደሚቀጥለው ዘመቻ ይሄዳል። ጥር ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ወርዶ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ 10,000 የቡና ችግኝ አሠራጨ እንበል። ጉድጓዱ ዘግይቶ ተቆፍሯል። ችግኙ ከፕላስቲኩ ሲወጣ ሥሩ ተጣሟል። ጥላ የለውም። ከአሥሩ አንዱ ጸደቀ። 1,000 ዛፍ ሆነ። ሌላዋ ሠራተኛ 3,000 ብቻ አሠራጨች። ግን ጉድጓዱን ዝናቡ ከመግባቱ ከወራት በፊት አስቆፍራለች። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጣ ከብስባሽ ጋር አስመልሳለች። ጥላ ያለበትን ጓሮ መርጣለች። ክረምቱ ሲወጣ ችግኙ ሥር ጉዝጓዝ አስደርጋለች። ከአሥሩ ስምንቱ ጸደቀ። 2,400 ዛፍ ሆነ። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ዛፍ ይይዛል። እሷ ሄክታሩን ልትሞላው ጥቂት ነው የቀራት። እሱ ግማሹን እንኳ አላደረሰም።

በዚያ ዓመት ግምገማ ላይ የሚጨበጨበው ለማን ይመስላችኋል? ለእሱ ነው። ፍትሕ አይደለም፤ ግን ይኸው ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ገበሬው "ያቺ ልጅ የት ተዛወረች?" ብሎ የሚጠይቀው ግን ስለ እሷ ነው። በሥራ ዘመኔ ሰዎች ከተዛወሩ በኋላ ስማቸው ሲነሳ እሰማ ነበር። በችግኝ ብዛት የተነሳ ሰው አንድም አልሰማሁም።

ልጅቷ ጉድጓዱ ቀድሞ እንደሚቆፈር መጽሐፍ ላይ አንብባለች፤ እሱም አንብቧል። ልዩነቱ ገበሬው ቤት መቀመጧ ነው። እዚህ ላይ ከዘመኑ ምክር ጋር ልጣላ። አሁን ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ምክር "ጊዜህን የሚበላ ሰው አታስጠጋ፣ እምቢ በል፣ በርህን ዝጋ" የሚል ነው። ለሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። እዚህ ገጠር ገብታችሁ የቀረበላችሁን ቡና ሳትጠጡ ብትወጡ የምትሰሙት "እሺ" ብቻ ነው። "ችግኙ እንዴት ነው?" "ደህና ነው፣ ይመስገነው።" አለቀ።

አቦሉ ላይ ስለ ዝናብ ይወራል። ቶናው ላይ ስለ ልጆች ትምህርት። በረካው ላይ ነው አባወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔኮ ያንን ችግኝ መንገድ ዳር ነው የተከልኩት፤ ጓሮውን ወንድሜ ድርሻዬ ነው ብሎ ክርክር ላይ ነን" የሚላችሁ። በቃ፣ ችግኙ ለምን እንደሞተ ገባችሁ። ከብት በልቶታል። ያንን ሳትሰሙ ስለ ጉድጓድ ስፋት አሥር ጊዜ ብታሠለጥኑት ትርፉ ድካም ነው። ወይም ባለቤቱ ናት የምትነግራችሁ፤ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት፣ ችግኙን የምታጠጣውም እሷ ናት፣ ሥልጠናው ላይ የተጠራው ግን እሱ ነው። ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ጨው የገባበት ቡና ይዞ ከገበሬ ጋር ቁጭ ማለት፣ ይህ ሁሉ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ባዶ ጊዜ ይመስላል። በኛ አገር ግን ሥራ የሚሄድበት መንገድ እሱ ነው።

ባዶ ጊዜ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚታቀደውን እዩ። ጅማ ውስጥ በምርቃና የተተከለው ፋብሪካ፣ ወደ ውጭ የተላከው ቡና ቢደመር አገሪቱ ዕዳዋን ከፍላ ታበድር ነበር። ጠዋት ላይ ፋብሪካውም የለ፣ ዕቅዱን የሚያስታውስም የለ። በዚሁ ልተወው። ግማሹ አንባቢዬ ይቀየመኛል።

ወደ ቡናው ልመለስ። የጅማ ቡና ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ ስሙ የተከበረ አልነበረም። እዚህ ኖረን ይህን ማለት ያመናል፤ ግን ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፣ የአፈሩም አልነበረም። የለቀማውና የማድረቁ ነገር ነው። ቀዩን ከአረንጓዴው ሳይለዩ ቅርንጫፉን ጠራርጎ መልቀም። መሬት ላይ ማስጣት። እርጥቡን ከደረቁ መደባለቅ። ቶሎ ጆንያ ሞልቶ ቶሎ መሸጥ።

ይህ ሁሉ ልፋት ነው እኮ! ቅርንጫፉን በእጁ ሙልጭ አድርጎ የሚገፍፍ ለቃሚ ቅርጫቱ ቀድሞ ይሞላል። ለሚያየው ሰው ጎበዙ እሱ ነው። ፍሬ አንድ ላይ ስለማይቀላ መርጦ የሚለቅመው ያንኑ ዛፍ እየተመላለሰ ማየት አለበት። ቅርጫቱ ግማሽ ሆኖ ሲታይ ያሳፍራል። የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ከሆነ ደግሞ መምረጡ ያከስረዋል። ነገ አለቃ ስትሆኑ ይህን አስታውሱ፤ ክፍያው ለክብደት ሆኖ ምክሩ ስለ ጥራት ከሆነ ሰው የሚሰማው ክፍያውን ነው። ለቃሚውን አትሳደቡ።

አጋሮ አቅራቢያ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ገበሬዎቹ ከዚያ በፊትም ቡና ያመርቱ ነበር። ያው ተራራ፣ ያው ዝናብ ነው። በምክርና በብድር የደገፋቸው ድርጅት ነበር፣ መፈልፈያ አቆሙ። ከዚያ የተለወጠው ነገር ሲቆጠር ጥቂት ነው። ቀይ እሸት ብቻ መቀበል። በተለቀመበት ቀን መፈልፈል። አጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ። የተበላሸውን ፍሬ በእጅ እየለቀሙ ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ2012 ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቡናዎች በተወዳደሩበት ቅምሻ የእነሱ ቡና አንደኛ ወጣ። ሁለት ዓመት ነው የፈጀባቸው።

ገበሬው እንዴት እዚያ ደረሰ? ቀድሞ ሥራው የሚያልቀው ሰብሳቢው ሚዛን ላይ ይመስለው ነበር። ሚዛን የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው፤ አረንጓዴውንም ድንጋዩንም ይመዝናል። ቡናው የሚያልቀው ቀማሹ አፍ ላይ መሆኑ ሲታወቅ ግን አንዳንዱ ልፋት ከንቱ መሆኑ ታየ፣ ሌላው ደግሞ፣ ያ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ፍሬ መልቀም፣ ዋናው ሥራ ሆኖ ተገኘ። የሰነፍ ሥራ የሚመስለው እሱ ነው። ሴቶቹ አልጋው ዙሪያ እየተጨዋወቱ ይለቅማሉ። የማያውቅ ሰው ቢያልፍ "ምን ያወራሉ እነዚህ" ብሎ ነው የሚያልፈው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ለገባችሁ ደግሞ። ከናንተ በፊት ብዙ ለውጥ መጥቷል። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፣ ቢፒአር ያልነው። ውጤት ተኮር መጣ፣ ቢኤስሲ። አንድ ለአምስት መጣ። ካይዘን መጣ። ሲጀመሩ ሐሳባቸው ደህና ነበር። ቢፒአር ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት ታስቦ ነው። ካይዘን ብክነት ለማውጣት ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቅጽ ሆኑ። ውጤት ሊለካ የመጣው ሥርዓት ራሱ የስንቱን ሰው ሳምንት እንደበላ እኔ አይቻለሁ። ነጥቡ ከ100 ይከፋፈላል፣ ሁሉም ሰው "ከፍተኛ" ያገኛል፣ ባለጉዳዩ ኮሪደር ላይ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ስለዚህ የሚቀጥለው ለውጥ መጥቶ ሥራችሁን ትርጉም እስኪሰጠው አትጠብቁ። ይመጣል፣ እሱም ቅጽ ይዞ ይመጣል።

ጤና ላይ ያላችሁ የኔን ያህል ታውቁታላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር አንዱ ትልቅ ሥራ ነበር። ስንት ተቆፈረ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ስንቱ ቤተሰብ ይጠቀምበታል የሚለውን ለማወቅ ግን ወደ ጓሮ ዞር ብሎ መንገዱን ማየት ይበቃል። የተረገጠ መንገድ ካለ ሰው ይሄዳል። ደጃፉ ላይ ሣር ከበቀለ ሪፖርቱ ውስጥ ነው የገባው እንጂ ሰው አልገባበትም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለናንተም አለኝ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲመሠረት፣ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ የሚልከውን ትምህርት ይዞ ቀጠለ። በጣም የምወደው ነገር ነው። ግን በየቤቱ መጠይቅ ይዛችሁ ስትገቡ እናቶቹ ምን እንደሚሉ ልንገራችሁ። "ይጽፋሉ ይሄዳሉ" ይላሉ። ያገኛችሁትን ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ውሃው ላይ ምን አገኛችሁ? ልጁ ክብደቱ ስንት ሆነ? ለመምህሩ ከምታቀርቡት ጽሑፍ ይልቅ እዚያ ግቢ ውስጥ የምትናገሩት አምስት ዓረፍተ ነገር ነው ሥራችሁን የሚጨርሰው።

ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ።

መጀመሪያ ያንን ሰው ፈልጉት፤ ከዚያ ያለ ቅጽ ሂዱና እዩት። ቅጽ ከያዛችሁ የምታዩት ቅጹ የጠየቀውን ብቻ ነው። "ምን ጎደለ?" ብላችሁም አትጀምሩ፤ ሰው ባለሙያ ፊት ጉድለት አያወራም። ዝም ብላችሁ እዩ፣ ብሉ ጠጡ ሲሏችሁ ብሉ ጠጡ።

አለቃችሁን መጋፈጥ አልመክርም። ጀማሪ ናችሁ፣ የቤት ኪራይ አለባችሁ። የጠየቃችሁን ቁጥር በሰዓቱ ስጡት። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሩ። "አምና ከተተከለው ዛሬ በሕይወት ያለው ይህን ያህል ነው።" አለቃውም ከላዩ አለቃ አለው። አንድ ቀን ጥያቄ ይመጣበታል። ያን ቀን ይህን መስመር የጻፈውን ልጅ ያስታውሳል። አንድ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ሲደርብባችሁ ደግሞ "እሺ፣ ይህን ዛሬ ከጀመርኩ ከያዝኳቸው የትኛውን ላቆየው?" በሉት። በአክብሮት በሉት፣ ሰው ፊትም አታድርጉት። እምቢ አላላችሁም። ምርጫውን ለእሱ ሰጣችሁት። ብዙ ጊዜ እሱም ምን ያህል እንደጫነባችሁ አያውቅም።

ውጤቱ በዓመት የማይታይ ሥራ የያዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የመልኮዎቹን ነገር መልሳችሁ እዩት። ዛፉ እስኪያፈራ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ቡቃያውን ነው የፈተኑት። ገና ሲበቅል የሚቋቋመውን ከማይቋቋመው ለዩ። የናንተም ሥራ እንደዚያ ያለ ቀድሞ የሚታይ ምልክት አለው፤ ፈልጉት። አስተማሪ ከሆናችሁ የዓመቱን ፈተና አትጠብቁ፤ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ ጥያቄ ጠይቋል ወይ? ሱቅ ካላችሁ ስንት ሰው ገባ ሳይሆን ባለፈው ወር የገዛው ተመልሶ መጥቷል ወይ?

ውጤት ተብሎም ይዋሻል፤ ይህን ሳልል ባልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። "ጽድቀቱ 95 በመቶ" ብሎ ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ አለ። የናንተ 30 ከሆነ 30 ብላችሁ ጻፉ፤ ለምን 30 እንደሆነም ጻፉ። ገበሬው፣ ወንድሙ፣ ከብቱ፣ ሁሉም ይግባ። ያ ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠቅም ነገር አለው። 95 የሚለው ምንም የለውም።

ባለፈው ሰሞን አንዷ ልጅ "ጋሼ፣ የኔ ሥራ የሚያልቅበት ሰው የለም፤ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ከፋይል ጋር ነው የምውለው" አለችኝ። እኔ ጡረታዬን ለማስጨረስ ፋይሌ ጠፋ ተብዬ የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። በቀን ስንት ፋይል መዝግበሽ ታስገቢያለሽ አልኳት፤ ነገረችኝ። ባለጉዳይ ከጠየቀ በኋላ ፋይሉ በስንት ሰዓት ይወጣል አልኳት፤ አታውቅም። ማንም ጠይቋት አያውቅም። ከየት ልጀምር ስትለኝ የነገርኳትን ለናንተም ልንገራችሁ። በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ጠይቁ። የሚፈትሸው እሱ ነው፤ ማን ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣ፣ ማን ከገጠር አዳር እንደመጣ፣ ማን እያለቀሰ እንደወጣ ያውቃል። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ስም ይስጣችሁ። የዚያን ሰው ፋይል ፈልጋችሁ አውጡ፣ የት ቆይቶ እንደነበርም ጻፉት። ከዚያ ሁለተኛውን ሰው። ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ያገኘሽውን ጻፊልኝ። ፋይል የሚጠፋው የት ላይ እንደሆነ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከጅማ